ከትሪው የራቀው ወንድማችን



ውድ ወንድሞችና እህቶች! አልሐምዱሊላህ፣ አላህ ለዛሬው ጁሙዓ አደረሰን። የዛሬው ማስታወሻችን ሁላችንም ስለምናውቀው ነገር ነው፤ ከጁሙዓ በኋላ ከጓደኞቻችን ጋር ስለምንበላው ምሳ።

ኮልፌ የኖረ ሰው ይህን ሰዓት ያውቀዋል። ሶላቱ አልቆ ሰው ከመስጂድ ሲወጣ፣ በየመንደሩ ያሉት ሸራ የወጠሩ፣ ቆርቆሮ የለበሱ ትንንሽ ምግብ ቤቶች ይሞላሉ። እፎይታ ገበያ ልብስ የሚሸጠው፣ አጣና ተራ እንጨት የሚያወርደው፣ የስፌት መኪናውን ሸፍኖ የመጣው፣ የታክሲ ረዳቱ፣ ሁሉም ከየጓደኛው ጋር ይቀመጣል። ሩዝ በዶሮ ይታዘዛል። ትሪው ይመጣል፣ ዳጣው ከጎኑ ይቀርባል፣ እጅ ይታጠባል፣ ቢስሚላህ ይባላል። አንዱ ሌላውን ያጎርሳል፣ ጨዋታው ይደራል። ይህ ትልቅ ኒዕማ ነው፤ አላህን እናመስግንበት።

አሁን ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቃችሁ። ባለፈው ዓመት በትሪው ዙሪያ ስንት ነበራችሁ? አምስት ከነበራችሁና ዛሬ አራት ከሆናችሁ፣ አምስተኛው የት ሄደ? አልተጣላችሁም። አገር አልቀየረም። ዛሬም ሶፍ ላይ ትከሻው ከትከሻችሁ ጋር ነበር። ስትወጡ «ና ምሳ እንብላ» አላችሁት። እርሱም «ቁርስ አርፍጄ ነው የበላሁት»፣ ወይም «የሚጠብቀኝ ሰው አለ»፣ ወይም «ሆዴን ትንሽ አሞኛል» ብሎ በሌላኛው መንገድ ታጠፈ። «እሺ፣ ለሳምንት ያድርሰን» ብላችሁ ተለያያችሁ። ሳምንቱም ደረሰ፤ መልሱ ግን ያው ነበር።

ነገሩ ብዙ ጊዜ ወዲህ ነው። ኑሮ ተወዷል፣ ዶሮም ተወዷል። ሒሳቡ ሲካፈል የእርሱ ድርሻ የቤቱ ዘይት ነው፣ የልጁ ደብተር ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ በሰው መዋጮ በልቷል፤ ከዚያ በኋላ ይሉኝታ ያዘው። ሲርበው ጠግቤያለሁ ማለትን መረጠ።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ 273ኛው አንቀጽ በእርሱ መንገድ ላይ ታግደው ስለተቸገሩ ድሆች ይነግረናል። ከልመና ስለሚጠበቁ የማያውቃቸው ሰው ሀብታም ይመስሉታል፤ በምልክታቸው ግን ይታወቃሉ፤ ሰዎችን ችክ ብለው አይጠይቁም። ልብ በሉ! ስለ እነርሱ የሚሳሳተው የማያውቃቸው ሰው ነው። ጓደኛ ግን እንዴት የማያውቅ ይሆናል? ከልጅነት ጀምሮ አብሮት ያደገ፣ ልጁን በስም የሚጠራ ሰው ምልክቱን ማንበብ አለበት። ምልክቱ ደግሞ ያቺው «ጠግቤያለሁ» የምትል ቃል ልትሆን ትችላለች።

ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን አንድ ሐዲስ እናስታውስ። ገበታው ላይ የቀረበው እንደ እኛ የዶሮ ሥጋ ነበር። ሰሓባው አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ.) ከሰዎች ጋር ተቀምጠው ሳለ ምግቡ መጣ። ከመካከላቸው አንድ ሰው ግን ወደ ገበታው አልቀረበም። አቡ ሙሳ አዩትና እንዲቀርብ ጠሩት፤ የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ዶሮ ሲበሉ ማየታቸውንም ነገሩት። ሰውየው ዶሮዋ የሚያስጸይፍ ነገር ስትበላ አይቶ ዳግም ላይበላ መማሉን ተናገረ። አቡ ሙሳ አሁንም እንዲቀርብ ጠሩት። ከዚያም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ነገር ከማሉ በኋላ ከርሱ የተሻለ ካዩ የተሻለውን እንደሚሠሩና ለመሐላው ማካካሻ እንደሚያደርጉ አስረዱት።

የዚያ ሰው ምክንያት ድህነት አልነበረም፣ መሐላ ነበር። የአቡ ሙሳ አደብ ግን ለእኛም ይሆናል። በመጀመሪያ፣ ምግቡ ሲመጣ ዓይናቸው ሰውየውንም አየ። ሁለተኛ፣ ዝም ብለው አላለፉትም፣ ጠሩት። ሦስተኛ፣ ምክንያቱን ሲነግራቸው «እንግዲያው እንደፈቀድክ» ብለው ወደ ምግባቸው አልተመለሱም። ደግመው ጠሩት፣ መውጫ መንገድም አሳዩት። እኛ ስንቶቻችን አንዴ ጠርተን፣ አንዴ እምቢ ስንባል ግዴታችንን የተወጣን ይመስለናል?

ሌላም ሐዲስ አለ፤ ይህንንም ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። በድርቅ ዓመት ኢብኑ ዙበይር ለሰዎች ተምር ይሰጡ ነበር። ሰዎቹ እየበሉ ሳለ ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) በአጠገባቸው ሲያልፉ፣ ሁለት ሁለት ተምር አጣምረው እንዳይበሉ ያሳስቧቸው ነበር፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰው ወንድሙን ሳያስፈቅድ ይህን እንዳያደርግ ከልክለዋልና። ሱብሐነላህ! በችግር ጊዜ፣ በጋራ ገበታ ላይ፣ አንዲት ትርፍ ተምር እንኳ ፈቃድ ትፈልጋለች። እኛም ትሪው ላይ የዶሮዋን ጭን ቀድመን ስንጎትት፣ ከጎናችን ቀስ ብሎ የሚበላ ወንድም መኖሩን እናስታውስ። አንዲት ተምር እንዲህ ከተጠበቀች፣ ከትሪው ጭራሽ የራቀው ወንድም ጉዳይ እንዴት ቀላል ይሆናል?

«ታዲያ ሁላችንም ደሞዝተኛ ነን፣ በምን አቅማችን?» የምትሉ ትኖራላችሁ። መልሱን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰጥተውናል። የሁለት ሰው ምግብ ለሦስት፣ የሦስት ሰው ምግብ ለአራት እንደሚበቃ አስተምረዋል። አዲስ ትሪ ማዘዝ ግድ አይደለም። ያው የአራት ሰው ትሪ ላይ አምስተኛ እጅ ይጨመር። ከእያንዳንዳችን የሚቀነሰው ጥቂት ጉርሻ ነው። አባቶቻችንስ ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይሉ የለ?

ዋናው ነገር ግን አጠራሩ ነው፤ መልካም ሥራ በአያያዝ ጉድለት ይበላሻልና።

በሰው ፊት «ለምንድነው የማትመጣው?» ብላችሁ አትጠይቁት። ለብቻው አግኙት። «ገንዘብ ከሌለህ እኛ እንከፍላለን» አትበሉት። «ዛሬ አንተን ልጋብዝ ፈልጌያለሁ» በሉት፤ ጉዳዩ በዚሁ ያልቃል።

መዋጮውን ትሪው ላይ በእጅ በእጅ አትቁጠሩ። ከመካከላችሁ አንዱ ቀደም ብሎ በየግል ይሰብስብ፣ ሒሳቡንም ሌላው ሳያይ ይክፈል። ማን ስንት እንዳዋጣ፣ ማን እንዳላዋጣ ከርሱና ከአላህ በቀር ማንም አይወቅ።

ስትበሉ ስለ ዋጋ አታውሩ። ከበላችሁ በኋላም ነገሩን አታንሱት። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ 264ኛው አንቀጽ ምጽዋታችንን በመመጻደቅና በማስከፋት እንዳናበላሽ አስጠንቅቆናል። የትሪውን ፎቶ አንስታችሁ «ወንድማችንን ጋበዝነው» ብላችሁ የምትለጥፉ ካላችሁ፣ ጉርሻው ከጉሮሮው ሳይወርድ አስከፋችሁት።

እህቶቼ፣ እናንተም ሥራ ቦታ ምሳ ዕቃችሁን ከፍታችሁ አብራችሁ ስትበሉ፣ ምሳ ዕቃዋን ይዛ መምጣት ያቆመችውን እህት ተመልከቱ። «የኔን ቅመሺልኝ፣ ዛሬ ቅመሙን ለውጬ ነው» ብትሏት ማን ምን ይላል?

ይህን የምታነበው አንተው ራስህ ከሆንክስ፣ ያ ከትሪው የራቀው ወንድም? ላንተም አንድ ቃል አለን። አለመለመንህ ክብር ነው፣ አላህም አወድሶታል። የጓደኛን ግብዣ መቀበል ግን ልመና አይደለም። ሙስሊም በሙስሊም ላይ ካለው ሐቅ አንዱ ሲጋበዝ መቀበል መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። ወንድምህ ሲጠራህ ስትመጣ፣ ለእርሱም አጅር እየሰጠኸው ነው። ያልራበው መስለህ ብቻህን ስትዞር ግን ርሀቡም አይለቅህም፣ ወንድማማችነቱም ይቀዘቅዛል። ዛሬ ብላ፤ አላህ ሲከፍትልህ ደግሞ አንተ ትጠራለህ። ሪዝቅ ዞሮ ዞሮ ይደርሳል።

እንግዲህ ዛሬ ከሶላት በኋላ፣ ሩዙን ከማዘዛችሁ በፊት ስልካችሁን አውጡ። ሳምንታት ያላያችሁትን ያንን ስም ፈልጉና ደውሉ። እምቢ ካለ ደግማችሁ ጥሩት፣ ሰፈሩ ቅርብ ከሆነም ሄዳችሁ አምጡት። ትሪው ይጠብቃል።

ያ አላህ! ሪዝቃችንን ሐላልና በረካ ያለው አድርግልን። የወንድሞቻችንን ችግር ሳይነግሩን የምናይበት ዓይን ስጠን። የተቸገሩትን ክብራቸውን ጠብቀህ ከችግራቸው አውጣቸው። የምናበላውን ላንተ ብቻ ብለን የምናበላ አድርገን። አሚን።

በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ ሶለዋት ማብዛትና ሱረቱል ከህፍን መቅራት አትርሱ።

ጁሙዓ ሙባረክ!