ባለቤትነትና ጎረቤትነት

ለሰው ልጅ ኑሮ ከሚያስፈልጉት ነገሮች ምግብ፣ ልብስና መጠለያ ቀዳሚዎቹ መሆናቸው የታወቀ ነው። ከሦስቱ ግን መጠለያ ልዩ ጠባይ አለው። ምግብ ተበልቶ ያልቃል፤ ልብስ ተለብሶ ያረጃል፤ ቤት ግን መሬት ላይ ይቆማል፤ መሬትም ጎረቤት አለው። ልብስ የገዛ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ዕቃውን ተቀብሎ ይሄዳል። ቤት የገዛ ሰው ግን ውሉን ከፈረመባት ዕለት ጀምሮ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር አንድ ውሃ፣ አንድ መንገድ፣ አንድ መቃብር ይጋራል። ስለሆነም ቤት መግዛት የገበያ ጉዳይ የሆነውን ያህል የሥነ ምግባርም ጉዳይ ነው።

የአማርኛ ቋንቋ በዚህ ረገድ የሚያስተምረው ነገር አለ። «ባለቤት» የሚለው ቃል የንብረት ጌታን ያመለክታል። ይሁን እንጂ ባልና ሚስትም እርስ በርሳቸው «ባለቤቴ» ይባባላሉ፤ በሰዋስውም ድርጊቱን የሚፈጽመው የዓረፍተ ነገሩ ክፍል «ባለቤት» ይባላል። እንግዲህ በቃሉ ውስጥ ንብረት፣ ኪዳንና ተጠያቂነት በአንድነት ይገኛሉ ማለት ነው። በአንጻሩ «ጭሰኛ» የሚለው ቃል ከጭስ የወጣ ነው። ምድጃው ይነድዳል፤ ጭሱም በጎጆው ክዳን በኩል ሽቅብ ይወጣል፤ ጎጆው የቆመበት መሬት ግን የሌላ ሰው ነው። ቤት እያለው ባለቤት ሳይሆን የኖረውን ሰው ሁናቴ ለመረዳት ይህ አንድ ቃል በቂ ነው።

ጭሰኝነት በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 31 ቀረ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት አደረገ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት መሆኑን ደነገገ። ከዚያም አስቀድሞ ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማ ቦታ በሊዝ መያዝ ተጀምሮ ነበር፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅም ለመኖሪያ ቤት የ99 ዓመት ዘመን ወሰነ። እንግዲህ በሕጉ መሠረት ቤት ገዢው የሚገዛው ግድግዳውን፣ ጣሪያውንና በቦታው የመጠቀም መብትን ነው። በገበያው ዘንድ ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ገበያ አጠገብ ያለች ያዘመመች ጭቃ ቤት በዳር አገር ካለ የብሎኬት ቤት በላይ ስታወጣ፣ ገዢው የከፈለው ለጭቃው እንዳልሆነ ሻጩም ገዢውም ያውቁታል። ዋጋ የለውም የተባለው መሬት ከግድግዳው ሥር ተሸሽጎ ይሸጣል።

ይህን ጥያቄ በጥሞና ለመመርመር ከጋምቤላ የተሻለ ስፍራ ማግኘት ያስቸግራል፤ ከተማዋ ራሷ የተቆረቆረችው በኪራይ ውል ነውና። በግንቦት ወር 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት በተፈራረሙት ስምምነት፣ በባሮ ወንዝ ዳር ኢታንግ አካባቢ ከ2,000 ሜትር ያልበለጠ የወንዝ ዳርቻ ያለው፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለሱዳን መንግሥት ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ተፈቀደ። ጣቢያውም በጋምቤላ ተቋቋመ። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ ከሱዳን የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች የምዕራብ ኢትዮጵያን ቡና ጭነው ይወርዱ ነበር። የኪራዩ ዘመን የተወሰነው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አገዛዝ ሥር እስከቆየች ድረስ ነበርና፣ ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ውሉ ፍጻሜውን አገኘ። አከራይና ተከራይ ቦታውን በሜትርና በሄክታር ለክተው ተፈራረሙ። በወንዙ ዳር እያረሰና ዓሣ እያጠመደ ይኖር የነበረው አኙዋ ግን በውሉ ከአከራዮቹም ከተከራዮቹም ወገን አልነበረም።

የወንዝ ወደቡ ዘመን አልፎ ዛሬ ከአዲስ አበባ የሚመጣው የመንግሥት ሠራተኛ፣ ነጋዴና የእርዳታ ድርጅት ባልደረባ ከከተማዋ ወጣ ብሎ በሚገኘው የጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ይገባል። ከአውሮፕላን ሲወርድ ቆላው ሙቀት ይቀበለዋል፤ ወደ ከተማዋ ሲጓዝም በአንድ በኩል የሣር ክዳን ጎጆዎችን፣ በሌላ በኩል በፀሐይ የሚያብረቀርቁ የቆርቆሮ ጣሪያዎችን ይመለከታል። ሣሩ ሙቀትን ይከላከላል፤ ቆርቆሮው ሙቀትን ይስባል። ነገር ግን ቆርቆሮ የቋሚነትና የይዞታ ምልክት ሆኖ ስለተወሰደ፣ አቅም ያገኘ ሁሉ ጎጆውን ትቶ በቆርቆሮ ሥር መቃጠልን ይመርጣል። ቤት ለመኖሪያ ብቻ እንዳልሆነ፣ «እዚህ ነኝ፤ ከዚህም አልነሣም» የሚባልበት ምስክር ጭምር እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ለአብነት ያህል በደመወዝ የሚተዳደር አንድ መምህር ይታሰብ። ከደመወዙ ከፍ ያለው ክፍል ለቤት ኪራይ ይሄዳል፤ አከራዩ «ቤቱን ልቀቅ» ባለ ጊዜ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አውጥቶ፣ ዕቃውን በጋሪ ጭኖ ሌላ ግቢ ይለምናል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ መደንገጉ የችግሩን ጥልቀት ያመለክታል። ፍሪድሪክ ኤንግልስ እ.ኤ.አ. በ1872 ስለ መኖሪያ ቤት ችግር በጻፈው ሥራ፣ ሠራተኛውን የትንሽ ቤት ባለንብረት ማድረግ ከአሠሪው አጠገብ አስሮ ማስቀመጥ እንጂ ነፃ ማውጣት እንዳይደለ ተከራክሯል። ክርክሩ ጠንካራ ነው። ይሁን እንጂ በየዓመቱ ከግቢ ግቢ ለሚንከራተተው መምህር እንዲህ ያለው እስራት ዕረፍት መስሎ ቢታየው አይፈረድበትም። በከተማዋ ዳርቻ በአነስተኛ ዋጋ ቦታ ማግኘቱ፣ ቤትም መሥራቱ ወይም መግዛቱ ስግብግብነት አይደለም።

ጥያቄው የሚነሣው «አነስተኛ ዋጋ» ከሚለው ቃል ላይ ነው። ርካሽ የሆነው ለማን ነው? ልዩነቱንስ የከፈለው ማን ነው? በአዲስ አበባ ዙሪያ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ከመቆማቸው በፊት ስፍራዎቹ እርሻና ግጦሽ ነበሩ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ከይዞታው ለሚነሣው ገበሬ የአማካይ ዓመታዊ ገቢውን 10 እጥፍ ካሣ ወሰነ፤ በ2011 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 1161 ስሌቱን ወደ 15 እጥፍ ከፍ አደረገው። አሥር ሆነ አሥራ አምስት፣ ቁጥሩ የሚለካው የእህሉን ዋጋ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ማን ለገበሬው ጎረቤት እንደሚሆን፣ ለቅሶውንም ማን እንደሚደርስ በስሌቱ ውስጥ የለም።

በጋምቤላ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይረቃል። ለደገኛ ዓይን ባዶ መስሎ የሚታየው ቦታ ብዙ ጊዜ ባዶ አይደለም። አኙዋ ውሃው ሲሸሽ የወንዙን ዳርቻ በበቆሎና በማሽላ ያለማል፤ ኑዌር በበጋ ከብቱን ወደ ወንዙ ያወርዳል፤ ክረምት ሲመጣ ወደ ከፍተኛው ስፍራ ይመለሳል። በወቅቱ ባለቤቱ ስላልተገኘ ብቻ መሬቱ ባለቤት የለውም ማለት፣ ገበያ የሄደን ሰው ቤት ክፍት ነው ብሎ እንደመግባት ይቆጠራል።

ሁለቱ ሕዝቦች ስለ ቤት ያላቸው አስተሳሰብም የተለያየ ነው። በአኙዋ ዘንድ በመንደሩ ቀድመው የሰፈሩት «ጆቡር»፣ ኋላ የመጡት «ዌሎ» ይባላሉ፤ ባለቤትና እንግዳ እንደማለት ነው። የኑዌሩ «ቺዬንግ» የሚለው ቃል ግን፣ ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳብራራው፣ ቤት ማለት ሆኖ ሳለ እንደ ተናጋሪውና እንደ ጠያቂው ሁኔታ ይሰፋል፤ አንድ ጊዜ ግቢን፣ ሌላ ጊዜ መንደርን፣ ከዚያም አልፎ ጎሣን በሙሉ ያመለክታል። የመጀመሪያው አስተሳሰብ ቤትን ከቀዳሚነት ጋር ያስተሳስረዋል፤ ሁለተኛው ቤትን ከሰዎች ጋር ያንቀሳቅሰዋል። ከደጋ የመጣው ሰው ደግሞ ካርታና ማኅተም ይዞ ይቀርባል። ሦስቱም ስለ አንድ መሬት ሲነጋገሩ፣ እያንዳንዱ እውነት እየተናገረ ሊጣሉ ይችላሉ።

ጠቡ በንግግር ብቻ እንዳልቆመም ታሪክ ይመሰክራል። በታኅሣሥ ወር 1996 ዓ.ም. በጋምቤላ ከተማ በደረሰው እልቂት ብዙ የአኙዋ ተወላጆች ተገደሉ፤ ቤታቸውም ተቃጠለ። በዚያች ዕለት ካርታም፣ ቀዳሚነትም፣ የቆርቆሮ ጣሪያም ማንንም ሊያድን እንደማይችል ታየ። ቤትን ቤት የሚያደርገው የመጨረሻው ግድግዳ የጎረቤት ኅሊና ነው። ያ ግድግዳ ከፈረሰ ሌላው ሁሉ ጭድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። መሬት ሁሉ ቀዳሚ ነዋሪ ካለው፣ ማንም ሰው ከተወለደበት መንደር ወጥቶ ቤት ሊገዛ አይገባውም ማለት ነውን? እንዲህ ቢሆን ከተማ ባልኖረ፣ መምህሩም ወደ ጋምቤላ ባልመጣ፣ የጋምቤላም ልጅ በአዲስ አበባ ቤት ባልሠራ ነበር። ቀዳሚነት ክብር የሚገባው ነገር ነው፤ በር መዝጊያ ሲሆን ግን ራሱ በደል ይሆናል። የቀዳሚው መብት የሚከበረው ኋላ የመጣውን በማባረር ሳይሆን፣ በቦታው አሰጣጥ ድምፁ በመሰማቱ፣ የወንዝ ዳር እርሻውና የከብቱ መንገድ በፕላኑ ላይ በመመዝገቡ፣ ካሣውም ልጆቹን በአዲሲቷ ከተማ ተከራይ ሳይሆን ባለቤት በማድረጉ ነው። ይህ የማዘጋጃ ቤትና የሕግ ሥራ ነው። የገዢው ድርሻ ደግሞ መጠየቅ ነው፦ «ይህ ቦታ ትናንት የማን ነበር? ፈቅዶ ሄደ ወይስ ተገፍቶ?» መልሱ የማይመች ሊሆን ይችላል። ሳይጠይቅ የገዛ ሰው ግን ውሉን ያነበበው በግማሽ ነው።

በአበሻ ልማድ አዲስ ቤት የገባን ሰው ሊጠይቅ የሄደ ጎረቤት «ቤት ለእንቦሳ» ይላል፤ ባለቤቱም «እንቦሳ እሰሩ» ብሎ ይመልሳል። ጥጃው በጠያቂውም ደጅ እንዲታሰር ይመኛል ማለት ነው። ለከብት ያለው ፍቅር በሚታወቀው በኑዌር ምድር ይህ ምርቃት ሳይተረጎም የሚገባ ይመስላል። ምርቃቱን የሚሰጠው ጎረቤት ነው፤ ቤቱን የሸጠው ሰው ሊሰጠው አይችልም፤ የመዝገብ ሹሙም በማኅተሙ ሊያጸድቀው አይችልም። የቤቱ ዋጋ በአንድ ቀን ይከፈላል፤ ምርቃቱ ግን በውሃ መቅዳት፣ በለቅሶ መድረስ፣ በልጅ ማሳደግ፣ አስፈላጊም ሲሆን የጎረቤትን ነፍስ በራስ ቤት በመሸሸግ የሚከፈል የዕድሜ ልክ ዕዳ ነው። ይህን ዕዳ የተቀበለ ሰው በከተማዋ ዳርቻ ባለች አንዲት ክፍልም ቢሆን ባለቤት ነው። ያልተቀበለው ግን የ99 ዓመት ሊዝ በእጁ ቢኖርም፣ ጭሱ በሰው መሬት ላይ የሚወጣ እንግዳ ሆኖ ይቀራል።