የማክቤዝ ደምና የአፋር መድዓ

የሼክስፒር «ማክቤዝ» የንግሥና ምኞት በቤቱ ያደረን እንግዳ እስከ መግደል ስለሚያደርሰው ሰው የሚናገር አሳዛኝ ተውኔት ነው። በ1606 እ.ኤ.አ. አካባቢ እንደተጻፈ ይገመታል፤ የታተመው ግን ደራሲው ከሞተ በኋላ በ1623 ነው። ወደ አማርኛ የመለሰው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነው።

በታሪክ የሚታወቀው ማክቤዝ ስኮትላንድን ከ1040 እስከ 1057 የገዛ ንጉሥ ነበር፤ ከእሱ በፊት የነገሠው ዳንካንም የወደቀው በጦርነት ነው። ሼክስፒር ይህን እንዳለ አልወሰደውም። በሆሊንሼድ የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ዶንዋልድ የተባለ ሹም ንጉሥ ደፍን በቤቱ አሳድሮ እንዳስገደለው ተጽፎ ነበር፤ ያንን ታሪክ አንሥቶ ለማክቤዝ አደረገው። በዚህ ለውጥ የጦር ሜዳ ሞት የእንግዳ ግድያ ሆነ። የተውኔቱ ኃይል ያለው እዚህ ላይ ነው።

ማክቤዝ ከመግደሉ በፊት ብቻውን ሆኖ ራሱን ይሞግታል። ዳንካን ዘመዱ ነው፣ ንጉሡ ነው፣ በዚያ ላይ እንግዳው ነው፤ ገዳይ እንዳይገባ በር ሊዘጋለት የሚገባው እሱ ራሱ ነው። ከአዋሽ ሰባት እስከ ሰመራ ባለው ሸለቆ ለሚኖር አፋር ይህ ሙግት ማብራሪያ አይሻም። እንግዳ በአስተናጋጁ ጥበቃ ሥር ነው፤ እሱን ማጥቃት አስተናጋጁን ማዋረድ ነው። አስተናጋጁ ራሱ ገዳይ ሲሆን ግን ነውሩን የሚበቀልለት አይኖርም።

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? ብዙ ተመልካች ማክቤዝ እንደሚነግሥ ትንቢት በተናገሩት ጠንቋዮች ወይም ባሏን በገፋፋችው ሚስት ያሳብባል። ሚስቲቱ የናቡቴን ወይን ለአክዓብ ያስገኘችውን ኤልዛቤልን ታስታውሳለች፤ ነገር ግን አክዓብም በመጽሐፍ ቅዱስ ከፍርድ አላመለጠም። ትንቢቱን በተመለከተ መልሱ በተውኔቱ ውስጥ አለ፦ አብሮት የነበረው የጦር አዛዥ ባንኮም ያንኑ ድምፅ ሰምቷል፤ ዘሮቹ እንደሚነግሡ ተነግሮታል፤ ሆኖም ማንንም አልገደለም። ጠንቋዮቹ ማክቤዝ እንደሚነግሥ ተናገሩ እንጂ ግደል አላሉትም። የአላህን ቀደር የሚያምን ሙስሊምም ሆነ የእግዚአብሔርን ፈቃድ የሚያምን ክርስቲያን ወደፊት የሚሆነው መታወቁ የሰውን ኃላፊነት እንደማያነሣ ያውቃል። የአዳም ልጅ ወንድሙን የገደለበትን ታሪክ ቁርኣንም ኦሪትም የሚተርኩት ገዳዩን ተጠያቂ አድርገው ነው።

ማክቤዝ ክፉነቱን ያላወቀ ሰው ስላልሆነ ነው የሚያስፈራው። ግድያውን ፈጽሞ ሲወጣ ሌሎች ሲጸልዩ ይሰማል፤ «አሜን» ለማለት ቢሞክርም ቃሉ ከጉሮሮው አይወጣም። የሚምረው በጣም በሚያስፈልገው ሰዓት ምሕረትን መጠየቅ አቃተው። ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ግድያ ምንጩ ምኞት ሳይሆን ፍርሃት ነው። ባንኮን ያስገድላል፤ ልጁ ፍሊያንስ ያመልጣል። የመኰንኑን የማክደፍን ሚስትና ልጆች ያለ አንዳች ጥቅም ያስፈጃል። ሚስቱ በእንቅልፍ ልቧ እየሄደች እጇ ላይ የሌለ ደም ታጥባለች።

በአፋር ባህላዊ ሕግ፣ በመድዓ፣ ነፍስ የጠፋ እንደሆነ ሽማግሌዎች ማብሎ በሚባለው ሸንጎ ይቀመጣሉ። የሁለቱ ወገን ጎሳዎች ተገናኝተው ይነጋገራሉ፤ የደም ካሳውን ገዳዩ ብቻውን ሳይሆን ጎሳው አዋጥቶ ይከፍላል። ጎሳ የሚከፍል ከሆነ ጎሳ ልጁን ይቆጣጠራል፤ ደምም በደም እየተመለሰ አይቀጥልም። ሥርዓቱ ትልቅ ጥበብ አለው። ጥያቄው ግን በተቀባዩና በከፋዩ ወገን መካከል ያለውን ዕዳ የሚመለከት ነው፤ የገዳዩ ልብ ምን እንደሚሆን ሼክስፒር ይጠይቃል። በካሳ የሚዘጋ ዕዳ አለ፤ የኅሊና ዕዳ ግን በካሳ አይዘጋም።

ማክቤዝ ግን ለእርቅ የሚቀመጥበት ቦታም አልቀረውም። ንጉሥ ስለሆነ ከእሱ በላይ ፈራጅ የለም፤ እኩዮቹን ደግሞ ገድሏል ወይም አባሯል። ዳጉ በሚባለው የአፋር የወሬ ልውውጥ ሥርዓት መንገደኛ ያየውንና የሰማውን ለሚያገኘው ሰው በታማኝነት ይናገራል፤ ወሬ ሁሉ የሁሉም ነው። ማክቤዝ ግን በየመኳንንቱ ቤት በደመወዝ የተገዛ ሰላይ አለው። ስለዚህ ሁሉን ይሰማል፤ የሚያምነው ግን የለውም፤ በመጨረሻም የቀረው የጠንቋዮቹ ቃል ብቻ ነው፣ እሱም ያታልለዋል።

በፍጻሜው ማክደፍ ማክቤዝን ይገድላል፤ የዳንካን ልጅ ማልኮምም ይነግሣል። የዳንካን ደም ባለቤት አገኘ፤ የማክደፍ ቤተሰብም እንዲሁ። የባንኮ ደም ግን ክፍት ቀርቷል፤ ካመለጠ በኋላ ፍሊያንስ ወደ መድረኩ አይመለስም፤ አዲሱ ንጉሥም የባንኮን ስም አያነሣም።