ገበያ ላይ የምንመረምር፣ ቴሌቪዥን ፊት ለምን ዝም እንላለን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህ ጽሑፍ በየቤታችን፣ በየሻይ ቤቱና በየምግብ ቤቱ በየቀኑ ስለምናየው፣ ነገር ግን ተቀምጠን ስላልተመካከርንበት አንድ ነገር ጥቂት ልናካፍላችሁ እንወዳለን። ይኸውም በቴሌቪዥን የሚቀርበው የንግድ ማስታወቂያ ነው። ምናልባት «ማስታወቂያ ደግሞ ምን ስብከት ያስፈልገዋል? ሲመጣ ድምፁን መቀነስ ነው እንጂ» የሚል አይጠፋም። እኛም ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት መጥተን በፍኖተ ሰላም ከመርሐ ግብር በኋላ ጉዳዩን ስናነሣ በመጀመሪያ የሰማነው መልስ ይኸው ነበር።

ውይይቱ ሲቀጥል ግን ብዙ ነገር ወጣ። አንዲት እኅታችን ታናሽ ወንድሟ አቡነ ዘበሰማያትን ገና ሳይጨርስ የሳሙናውን ማስታወቂያ ዜማ ከነጭብጨባው እስከ መጨረሻው እንደሚያወርደው ነገረችን። ሌላው ደግሞ ከገጠር ለሕክምና የመጡ አጎቱ በአዲስ አበባ ስለሚሠራ ፎቅ ቤት ማስታወቂያ አይተው «ቤቱ እንዲህ መልካም ከሆነ ገዥ አጥቶ ምን ያስጮኸዋል?» ማለታቸውን ሲናገር ሁላችንም ሳቅን። ከቡሬ ገጠር የሚመጣ አንድ ወንድማችን ግን ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ፣ ቀስ ብሎ፣ «እኔስ እነዚያን ቤቶች ካየሁ በኋላ የእናቴ ቤት ያስጠላኛል» አለ። ያን ጊዜ የሚናገር ጠፋ።

እንግዲህ ተመልካቹ ማስታወቂያን የሚቀበልበት መንገድ ልዩ ልዩ ነው። አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ያጠናዋል፣ አንዱ ፕሮግራሙ ተቋረጠብኝ ብሎ ይናደዳል፣ አንዱ ደግሞ ሳይናገር ያዝናል። የሚስቀውም የሚናደደውም «እኔን አልነካኝም» ይላል። ነገር ግን ዜማው በአፉ፣ የዕቃው ስም በልቡ ቀርቷል። ከሁሉ ይልቅ ሊያሳስበን የሚገባው ግን የመጨረሻው ነው፤ ያላየውን ሲያይ ያለውን መናቅ የጀመረው።

ይህ ነገር ከየት መጣ? የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ታሪክ ረጅም አይደለም። በሰኔ ወር 1933 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በኒው ዮርክ ከተማ ቡሎቫ የተባለ የሰዓት ኩባንያ ከአንድ የቤዝቦል ጨዋታ በፊት አጭር ማስታወቂያ አስተላለፈ። ርዝመቱ 10 ሴኮንድ ያህል ነበር። ያ ዓመት ለእኛ የነጻነት ዓመት ነው፤ የጣሊያን ጦር ቡሬን ለቅቆ የወጣው በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ነበርና። ወደ አገራችን ቴሌቪዥን የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው። በቀደመው ዘመን በአንድ ጣቢያ ብቻ፣ ለዚያውም በጥቂት ሰዓት ይወሰን የነበረው ስርጭት ዛሬ በዲሽ አማካይነት በቆርቆሮው ጣራ ላይ ወርዶ እስከ ገጠር ቀበሌ ደርሷል። መብራት ባልገባበትም በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ቴሌቪዥን ያለው ቤት አይጠፋም። የጎረቤት ልጆችም እዚያው ተሰብስበው ያያሉ።

ማስታወቂያ የሚያሳምነው በክርክር አይደለም። ክርክርማ ቢሆን መልስ በሰጠነው ነበር። አንደኛው መሣሪያው መደጋገም ነው። ሰው ደጋግሞ የሰማውን ነገር እንደሚያውቀው ይቆጥረዋል፣ የሚያውቀውንም ያምናል። ሁለተኛው የምንወደውን ሰው መዋስ ነው። በድራማ ላይ ደግ አባት ሆኖ ያስለቀሰን ተዋናይ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ዘይት ወይም የባንክ ቁጠባ ይዞ ብቅ ይላል። እኛ የምናምነው ድራማው ውስጥ ያሉትን አባት ነው፤ የሚናገረው ግን ለመናገሩ የሚከፈለው ባለሙያ ነው። በሥራው አንነቅፈውም፤ ሁለቱን መለየት ግን የእኛ ፈንታ ነው።

ሦስተኛው የምንወደውን ስም መዋስ ነው። የአገራችንን ቢራዎች ስም እስኪ እንቁጠር። ዳሽን ከፍተኛው ተራራችን ነው። ዋልያ በስሜን ተራሮች የሚኖር ብርቅዬ እንስሳችን ነው። ሐበሻ የራሳችን ስም ነው። ሐረርና በደሌ ከተሞቻችን ናቸው። ከሁሉ የቀደመው፣ ከተቋቋመ መቶ ዓመት ያለፈው ደግሞ በሰማዕቱ በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ይጠራል። ተራራውን፣ አገሩንና ሰማዕቱን የምንወደው ጠርሙሱ ሳይመጣ ነበር። ፍቅሩ የእኛ ነው፤ ስሙ የተለጠፈው በሚሸጥ ነገር ላይ ነው። በየዓመቱ ሚያዝያ 23 ቀን በዓሉን የምናከብርለት ሰማዕት ስም በመጠጥ ቤት ውስጥ «አንድ ጨምር» ተብሎ ሲጠራ እንደ ቀላል ነገር የምንሰማ ከሆነ ልማድ ጆሯችንን ደፍኖታል ማለት ነው።

በዚህ ረገድ ልንማርበት የሚገባ ነገር በአገራችን ተደርጓል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የገና፣ የጥምቀትና የፋሲካ ልዩ ዝግጅት በቴሌቪዥን ሲቀርብ አብዛኛው በቢራ ማስታወቂያ የታጀበ ነበር። በጾም የቆየው ምእመን የበዓሉን ብሥራት የሚሰማው በጠርሙስ ድምፅ መካከል ነበር። በማስታወቂያ ጉዳይ ቀድሞ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ወጥቶ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ አስወጣ። ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥም ከለከለ። ብዙ ወላጆች ተደሰቱ፤ ልጆቻቸው የቢራውን ዜማ ሲዘፍኑ መስማት ሰልችቷቸው ነበርና።

ሕጉ መልካም ሠርቷል። ሆኖም ሕግ ምስሉን ከመስኮቱ ያነሣል እንጂ ምኞቱን ከልብ አያነሣም። ማስታወቂያው ከጠፋ በኋላም ጓደኛውን «ካልጠጣህ ወንድ አይደለህም» የሚል ወጣት በየከተማችን አለ። ይህን ያስተማረው ማን ነው? ወላጆቻችን በማኅበርና በዝክር ጠላ ይጠጣሉ፤ ነገር ግን ጠላ ማስታወቂያ ኖሮት አያውቅም። በማኅበሩ ሙሴው አለ፣ ጸሎቱ አለ፣ ሽማግሌው አለ፤ ማን ምን ያህል እንደ ጠጣ የሚያይ ዓይን አለ። መስኮቱ ውስጥ ያለው ሰው ግን እየሳቀ «ጠጡ» ብሎ ሄደ፤ ከጠጣ በኋላ የወደቀውን ደግፎ ወደ ቤቱ የሚያደርስ አይደለም። ቢራው ቢነሣ ደግሞ በቦታው ሌላው ይተካል። ዛሬ ብዙ ወጣት የዕለት ጉርሱን በስፖርት ውርርድ እያሲያዘ ነው። ስለዚህ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ ብቻ አይበቃንም።

ታዲያ ምን እናድርግ? መልሱን ከሩቅ አገር መፈለግ አያሻንም፤ በቡሬ ገበያ እናገኘዋለን። ቡሬ በበርበሬዋ የታወቀች ናት። አንዲት እናት በርበሬ ልትገዛ ስትመጣ ሻጩ ያለውን ሁሉ ሰምታ ገንዘቧን አትዘረጋም። ዛላውን አንሥታ ትሰብራለች፣ ውስጡን ታያለች፣ ታሸታለች፤ ሚዛን እንዲያነሣ ውኃ ተረጭቶበት እንዳይሆን በእጅዋ ትዳስሳለች። በሬ የሚገዛ አባትም እንዲሁ ነው። አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፣ ያስሄደዋል፣ ጫንቃውን ይነካል። በመጨረሻም ሻጩን ዓይን ዓይኑን እያየ «እንዲህ ደህና ከሆነ ለምን ትሸጠዋለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ፊደል ያልቆጠሩ ወላጆቻችን ይህን ሁሉ ሲያደርጉ፣ የተማርነው እኛ ቴሌቪዥን ፊት እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን። እኒያ በፎቁ ቤት ማስታወቂያ የጠየቁ አጎት ያሳቁን አላዋቂ ስለሆኑ አልነበረም፤ የገበያውን ዓይን ወደ ሳሎን ይዘው ስለገቡ ነው።

ቅዱስ ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክቱ በምዕራፍ 5 ቁጥር 21 ያዘዘው ይህንኑ ነው፤ ሁሉን እንድንፈትንና ከተፈተነው መልካሙን እንድንይዝ። ሔዋን በገነት የተሸነፈችው ሳትፈትን ስለተቀበለች ነው። በዘፍጥረት ምዕራፍ 3 እንደምናነበው እባብ ወደ እርሷ ሲመጣ በግድ አላበላትም። በመጀመሪያ ጥያቄ አነሣ፣ ቀጥሎ ሞት የለም አለ፣ ከዚያም ከፍ ያለ ክብር ተስፋ ሰጣት። የገነት ዛፍ ሁሉ ተፈቅዶላት ሳለ ዓይኗ ባልተፈቀደው በአንዱ ላይ ተተከለ። ያ ሁሉ ዛፍ ከዓይኗ ጠፋ። የእናቱ ቤት ያስጠላው ወንድማችንም የደረሰበት ይኸው ነው። ያ ቤት ያሳደገው፣ እንጀራ አጉርሶ ትምህርት ቤት የላከው፣ እንግዳ እግሩ ታጥቦ ያደረበት ቤት ነው። ማስታወቂያው ስለዚያ ቤት አንዳች ክፉ አልተናገረም፤ ከአጠገቡ ሌላ ቤት አቁሞ ዝም አለ እንጂ። ዝምታው በቂ ነበር።

ጌታችንም በተፈተነ ጊዜ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ቁጥር 5 እንደ ተጻፈው ዲያብሎስ የዓለምን መንግሥታት ሁሉ ያሳየው በቅጽበት ነው። ለምን በቅጽበት ሆነ? በዝግታ የታየ ክብር ጉድለቱም ይታያልና። የማስታወቂያም ጊዜ አጭር ነው፤ ቤቱን ያሳያል፣ ዕዳውን አያሳይም፤ አሸናፊውን ያሳያል፣ የተሸነፉትን ብዙዎች አያሳይም። ጌታ ግን አልተጣደፈም። ከተጻፈው ቃል መልስ ሰጠና አሳፈረው።

ቤተ ክርስቲያናችን ለዚህ ያዘጋጀችልን መለማመጃ ጾም ነው። ማስታወቂያ «የለህምና ውሰድ» ይለናል፤ ጾም ግን «አለኝ፣ ነገር ግን አልወስድም» ማለትን ያስተምረናል። ከቅቤውና ከወተቱ ቤት ተቀምጦ ሁለት ወር የሚጾም ገበሬ ለምኞቱ ጌታ ነው እንጂ ባሪያ አይደለም። ዓቢይ ጾምን የጾመ ወጣት ለአንዲት የማስታወቂያ ደቂቃ ቢሸነፍ ግን ጾሙ ከሆዱ አልፎ ወደ ዓይኑ አልደረሰም ማለት ነው።

ይህን ስንል ማስታወቂያ ሁሉ ክፉ ነው ማለታችን አይደለም። ስለ ክትባት፣ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ንጹሕ ውኃ የሚነግረን አለ፤ ሐቀኛ ነጋዴም ያለውን ቢያስታውቅ ነውር የለበትም። ነቢዩ ኢሳይያስም በምዕራፍ 55 እንደ ገበያ አዋጅ ነጋሪ ድምፁን ከፍ አድርጎ የተጠሙትን ያለ ዋጋ ይጠራል፤ እንጀራ ላልሆነ ነገር ገንዘብ መክፈልንም ይነቅፋል። ልዩነቱ እርሱ የሚጠራው ሊያጠግብ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ አራት ጥያቄዎችን እንያዝ። ይህን እንዲናገር የሚከፍለው ማን ነው? ያልነገረን ምንድን ነው? የገዙት ሰዎች ምን ይላሉ? ይህ ነገር ማስታወቂያውን ሳላይ በፊት ያስፈልገኝ ነበር? ከታናናሾቻችን ጋር ስንቀመጥ አንገሥጻቸው፤ «እስኪ ምን ደበቀን?» እያልን እንደ እንቆቅልሽ እንጠይቃቸው፤ ልጆች እንዲህ ያለውን ጨዋታ ይወዱታል። ወላጆቻችን ማስታወቂያ አይተው ሲጠይቁ አንሳቅባቸው፤ እንማርባቸው። የመዝሙር ክፍሉም ለሕፃናቱ አጫጭር መዝሙራትን ያስጠና፤ አፋቸው ባዶ ሆኖ ከተገኘ ሌላው ይሞላዋልና። ማታ ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ ደግሞ በቤታችን ስላለው ነገር፣ ስለ እናት፣ ስለ አባት፣ ስለ ዕለት እንጀራ በስም እየጠራን እናመስግን። የሚያመሰግን ሰው ያለውን ያያል፤ ያለውን ያየም በቀላሉ አይሸጥም።

የከተማችን ስም ፍኖተ ሰላም የሰላም መንገድ ማለት ነው። የልብ ሰላም የሚገኘው የታየውን ሁሉ በማግኘት ሳይሆን የተሰጠንን አውቀን በመኖር ነው። አምላካችን ዓይነ ልቡናችንን ያብራልን፤ ከምኞት ባርነት ይጠብቀን፤ ለአገራችን ሰላምን ለሕዝባችንም ፍቅርን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።