ሳንሰማ አንፍረድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የዐቢይ ጾም 7ኛው እሑድ በኒቆዲሞስ ስም ይጠራል። እርሱን የምናስበው በሌሊት ወደ ጌታችን ሄዶ በመማሩ ነው። በሸንጎ የተናገረውንስ ስንቶቻችን ልብ ብለናል? ፈሪሳውያን ጌታን ለማስያዝ በተቆጡ ጊዜ፣ ሰውየው ሳይሰማ መፍረድን ሕጋችን ይፈቅዳል ወይ ብሎ ጠየቃቸው (ዮሐ. 7፥50-52)። ለጥያቄው መልስ አልሰጡትም፤ አንተም ከገሊላ ነህ እንዴ አሉት። እውነቱን ትተው አገሩን ጠየቁ!

እኛስ? በዕድር፣ በማኅበር፣ በመሥሪያ ቤት አንዱ ተነሥቶ ብዙዎች የማይወዱትን ሲናገር «እውነት ነው ወይ?» እንላለን ወይስ «የማን ወገን ነው?» ያ ወንድም በሚቀጥለው ስብሰባ ዝም ይላል። የተስማማ እንዳይመስላችሁ፤ ፈርቶ ነው። ችግሩም ሳይነገር ይቆያል፤ ቂሙም ውስጥ ውስጡን ያድጋል።

የምንናገርም ብንሆን፣ ድፍረት ማለት ስድብ አይደለም። ኒቆዲሞስ ጠየቀ እንጂ አልተሳደበም። በሌሊት የመጣው ይህ ሰው በኋላ፣ ብዙዎች በሸሹበት ቀን፣ መቶ ንጥር የሚያህል ከርቤና እሬት ይዞ ጌታውን ሊገንዝ መጣ (ዮሐ. 19፥39)።

እንግዲህ በዚህ ጾም ከሥጋው ከወተቱ ጋር፣ ሰውን ሳይሰሙ መፍረድንም እንጹም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።