ስለ ተለማማጅና ስለ አሠሪው አደራ

ሰው የገንዘብ አደራ ሲቀበል ይቈጥራል፤ ምስክር ያቆማል፤ በጽሑፍም ያኖራል። የሰው ልጅ በአደራ ሲሰጠው ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ አያደርግም። አንድ አሠሪ ሙያ ሊማር የመጣውን ወጣት ወደ ሥራ ቤቱ ሲያስገባ የተቀበለው ምንድር ነው? ርካሽ ጉልበት ነውን? ወይስ አደራ? የዛሬው ነገራችን ይህ ነው።

ጥያቄው ለአቃቂ ቃሊቲ ሰው እንግዳ አይደለም። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰበት ዘመን ጀምሮ አቃቂ በሐዲዱ ላይ የምትገኝ ጣቢያ ነበረች፤ ከዚያም በኋላ የጨርቃ ጨርቅ፥ የብረታ ብረትና የመለዋወጫ ፋብሪካዎች ተተከሉባት። ዛሬም ከቃሊቲ ወደ አቃቂ የሚወርድ መንገደኛ ጋራዡን፥ ብየዳ ቤቱንና ቶርኖ ቤቱን ያያል። ከቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት ያሉ ልጆች የእጅ ልምድ እንዲያገኙ የሚላኩት ወደ እንደነዚህ ያሉ ሥራ ቤቶች ነው።

ከእነዚህ ልጆች አንዱ የጎረቤቴ ልጅ ነበር። ቶርኖ ሊማር ወደ አንድ ሥራ ቤት ገባ። ሦስት ወር ሙሉ የብረት ፍቅፋቂ ጠረገ፤ ሻይ አመላለሰ፤ ዕቃ ተሸከመ። ቶርኖውን ግን እንዲነካ አልተፈቀደለትም። ይህን አዝኖ ሲነግረኝ፥ «ታገሥ ልጄ፤ ወረቀቱን ካገኘህ ይበቃሃል» ብዬ የመከርሁት እኔ ነኝ። ወረቀቱንም አገኘ፤ ሥልጠናውን በሚገባ ፈጽሟል የሚል፥ ማኅተም ያለበት ነው። በዚያው ወረቀት በሌላ ስፍራ ተቀጠረ። እጅጌህን ሰብስብ ብሎ የነገረው ሰው አልነበረምና፥ በመጀመሪያው ሳምንት የሚሽከረከረው ብረት እጅጌውን ያዘው፤ ሁለት ጣቶቹንም አጣ። ልጠይቀው በሄድሁ ጊዜ አልወቀሰኝም። እኔ ግን ምክሬን አልረሳሁትም።

ያ ማኅተም የሐሰት ምስክር ነበር። በልጁ ላይ፥ ወረቀቱን አምኖ በቀጠረው በሁለተኛው አሠሪ ላይ፥ ሥራውን ባዘዘው ባለ ጉዳይም ላይ መሰከረ። የሠራተኛን ደመወዝ ያስቀረ ሰው ቢጸጸት ከነወለዱ ሊመልስ ይችላል። የወጣትነትን ወራት ያባከነ ግን ከየትኛው ሣጥን አውጥቶ ይመልሳል?

ይህን ስል ተለማማጅ አይላክ፥ ቤትም አይጥረግ ማለቴ አይደለም። እኛም በቅኔ ቤት ለመምህራችን እንጨት ለቅመናል፤ ውኃም ቀድተናል። ነገር ግን ቅኔያችንን በፊቱ ስንነግር የተሰበረውን ያቃናልን፥ የጎደለውን ይሞላልን ነበር። ከጉባኤ ቃና ጀምሮ በየማዕርጉ ያላለፈውንም ማንንም አላስመረቀም። አገልግሎታችን በትምህርት ይከፈል ነበር፤ ትምህርት የሌለበት አገልግሎት ግን ስሙ ሌላ ነው።

ሕጉም ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ 18 ዓመት ያልሞላውን ወጣትም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳያሠሩት ያዝዛል። የተለማማጅ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፥ የሙያው ዓይነት፥ ዘመኑና ክፍያውም እንዲታወቅ፥ ከሚማረው ሙያ ጋራ በማይገናኝ ሥራ ላይ እንዳይመደብ፥ በመጨረሻም የምስክር ወረቀት እንዲሰጠው ይደነግጋል። ነገር ግን ሕግ ወረቀቱ እንዲሰጥ ያዝዛል እንጂ ከቶርኖው አጠገብ ቆሞ አይመለከትም። ወረቀቱን እውነተኛ የሚያደርገው የአሠሪው ኅሊና ነው።

አሠሪውም የሚለው አለው። «ባስተምረው ነገ ትቶኝ ይሄዳል፤ ከደጄ ፊት ለፊት ከፍቶ ደንበኛዬን ይወስዳል፤ መኪናዬንስ ቢሰብር ማን ይከፍለኛል?» ይላል። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ሊያስተምር የማይችል ሰው አልችልም ብሎ ቢመልሰው የሚወቅሰው የለም፤ ወቀሳው ተቀብሎ ላላስተማረ ነው። አንዳንዱ ደግሞ «ሙያ በልብ ነው» የሚለውን ተረት ለመደበቂያ ያደርገዋል። ይህ ተረት ባለ ሙያ እንዳይመካ የተነገረ ነው እንጂ ሙያውን ይዞ መቃብር እንዲወርድ አይደለም። ደግሞስ እርሱ ራሱ ያለ አስተማሪ ሙያ ይዞ ተወልዷልን? ከሌላው እጅ የተቀበለውን ለሌላው ማስተላለፍ ዕዳው ነው።

ስለዚህ አሠሪ ሆይ፥ በመጀመሪያው ቀን መጥረጊያውን ከማስያዝህ በፊት እጅጌውን እንዲሰበስብ፥ ዓይኑን በመነጽር እንዲሸፍን አስተምረው። በየሳምንቱ ባለፈው ሳምንት ያልቻለውን አንድ ነገር እንዲችል አድርገው። ማኅተሙን ከማሳረፍህ በፊት በፊትህ አሠርተህ እየው፤ ካልቻለም ገና አልቻለም ብለህ ጻፍ። ዛሬ ቢያዝንብህ ነገ ያመሰግንሃል።

እኛም ወላጆችና መካሪዎች ከበደሉ ነጻ አይደለንም። ወረቀት ይበቃል ስንል የሐሰቱን ማኅተም አብረን አትመናል። እኔም ከዚያ ወዲህ ከሥራ ቤት የሚመለስ ወጣት ሳገኝ «ወረቀቱን አገኘህን?» አልለውም፤ «እጅህ ምን ተማረ?» ብዬ እጠይቀዋለሁ።