ስለ ሐራጅ ዋጋ ለክርስቲያኖች የሚሆን ምክር

አንድ ሰው በእጁ ያለውን ዕቃ ለሕዝብ አቅርቦ፥ የሚጨምር ሁሉ እየጨመረ ዋጋው እስከሚችለው ድረስ ከፍ ካለ በኋላ ቢሸጥ፥ በእግዚአብሔር ፊት በደል ይሆንበታልን? ገዢው ወዶ ከሰጠ፥ ሻጩም ካልሰረቀና ካልቀማ፥ ነቀፋው ከወዴት ይመጣል? ይህ ጥያቄ ቀድሞ የታላላቅ ነጋዴዎች ጥያቄ ብቻ ይመስል ነበር። ዛሬ ግን በዲላ ከተማ የሚኖር ተማሪ እንኳ በእጁ በያዘው ስልክ በሩቅ አገር የሚደረገውን የኢንተርኔት ሐራጅ ይመለከታል፤ የተጫራቾቹን ፊት ሳያይ የሚጨምሩትን ገንዘብ ብቻ ያያል። ከአገራችን ገበሬ እጅ የወጣ ቡናም በዚሁ መንገድ ሲሸጥ አይተናል። እንግዲህ ነገሩ ወደ ደጃችን ስለ መጣ፥ በቅዱሳት መጻሕፍት ብርሃን ልንመረምረው ይገባናል።

1. ዋጋ ከፍ የሚልበት ምክንያት

አስቀድመን ዋጋው ከወዴት እንደሚመጣ እንወቅ። በአሜሪካ አገር ከ60 ዓመት በፊት ለልጆች ጨዋታ የተሠራ፥ ቁርጥራጩ በካርቶን ሳጥን ተከቶ የሚሸጥ ትንሽ የፕላስቲክ መኪና ነበረ። ልጁ ቁርጥራጩን በሙጫ እያጣበቀ መኪና ያደርገዋል። በዚያን ጊዜ ዋጋው ከሁለት ዶላር ብዙ አያልፍም ነበር። ዛሬ ግን ሳጥኑ ሳይከፈት የቆየ እንደ ሆነ፥ በልጅነታቸው የተመኙት ሰዎች በእርጅናቸው በኢንተርኔት ሐራጅ እየተሽቀዳደሙ በመቶ የሚቆጠር ዶላር ያወጡበታል። ፕላስቲኩ ያው ፕላስቲክ ነው፤ የተለወጠው ቁጥሩ ማነሱና የሰዎቹ ምኞት መብዛቱ ነው። ለዚህም ማስረጃው ግልጽ ነው። ፋብሪካው የቀድሞውን የብረት ቅርጽ ከመጋዘን አውጥቶ ያንኑ መኪና ዳግመኛ የሠራ እንደ ሆነ፥ የአሮጌው ሳጥን ዋጋ ብዙ ጊዜ ይወድቃል። ትናንት እንደ ዕንቁ የተጠበቀው ዛሬ መጫወቻ ሆኖ ይገኛል።

በእኛም አገር ይህን የሚመስል ነገር አለ። አባቶቻችን ይገበያዩበት የነበረው ጠገራ ብር በላዩ 1780 የሚል ቁጥር ተጽፎበታል፤ ይህም በአውሮፓ አቆጣጠር ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። ነገር ግን ከሞተችም በኋላ በዚያው ቁጥር እጅግ ብዙ ሚሊዮን ብር ተመትቷል፤ እስከ ዘመናችንም ድረስ በኦስትሪያ አገር ይመታል። እንግዲህ ትናንት የተመታውን ብር ይዞ «ይህ ከ240 ዓመት በፊት የተሠራ ነው» እያለ በሐራጅ የሚያወጣ ሰው፥ በእውነተኛ ቁጥር ሐሰት ይናገራል። ቁጥሩን እርሱ አልጻፈውም፤ ነገር ግን ገዢው እንዲሳሳት መውደዱ የእርሱ ነው።

2. ውድ ዋጋ ሁሉ ኃጢአት አይደለም

ከዚህ የተነሣ አንዳንድ ቅን ሰዎች ዋጋው የበዛ ነገር ሁሉ ርኩስ ነው ይሉ ይሆናል። መጽሐፍ ግን እንዲህ አያስተምርም። ጌታችን ስለ መንግሥተ ሰማያት ሲናገር ያለውን ሁሉ ሸጦ አንዲት ዕንቁ የገዛውን ነጋዴ ምሳሌ አድርጎታል፤ አልነቀፈውም። በቢታንያም ማርያም ዋጋው ብዙ የሆነውን ሽቱ በጌታ እግር ላይ ባፈሰሰች ጊዜ፥ ሽቱው ለ300 ዲናር ይሸጥ ነበር ብሎ የተቆጣው ይሁዳ ነበረ፤ ጌታ ግን ለሴቲቱ ተከራከረላት። አብርሃምም ለሣራ መቃብር የሚሆነውን እርሻ በገዛ ጊዜ ኤፍሮን የጠራውን 400 ሰቅል ብር ሳይከራከር መዘነለት። ስለዚህ የዋጋ መብዛት ብቻውን ኃጢአት አይደለም፤ የዋጋ ማነስም ብቻውን ጽድቅ አይደለም። ከደኻ እጅ በርካሽ የሚገዛ ሰው ከውድ ሻጭ ይልቅ በዳይ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

3. ሻጭ የራሱ የሆነው የትኛው ነው?

ዳሩ ግን መጽሐፍ ለዋጋ ልክ አስቀምጧል። በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ፥ ርስቱን የሚሸጥ ሰው እስከ ኢዮቤልዩ በቀሩት የመከር ዓመታት ቁጥር ዋጋውን እንዲያበዛና እንዲያሳንስ ታዟል፤ አንዱም ሌላውን እንዳያታልል ተከልክሏል። እንግዲህ የዋጋው ልክ ዕቃው በእውነት የሚሰጠው ፍሬ እንጂ የገዢው ጭንቀት አልነበረም።

በ13ኛው መቶ ዓመት የኖረው መምህር ቶማስ ዘአኵይኖ ይህን ነገር በጥልቀት መረመረ። ሻጩ ዕቃው ከእጁ በመውጣቱ የሚጎዳ እንደ ሆነ የጉዳቱን ያህል ሊጨምር ይችላል አለ፤ ገዢው እጅግ ስለ ፈለገው ብቻ ግን ሊጨምር አይገባውም፤ የገዢው ፍላጎት የገዢው እንጂ የሻጩ ገንዘብ አይደለምና፥ ሰውም የራሱ ያልሆነውን ሊሸጥ አይችልም ብሎ አስተማረ። ማርቲን ሉተርም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1524 ዓመተ ምሕረት ስለ ንግድ በጻፈው መጽሐፍ፥ ነጋዴዎች ዕቃቸውን በተቻላቸው መጠን አስወድደው መሸጥን እንደ ሕግ መያዛቸውን ገሥጾ፥ ነጋዴ ሊጠይቅ የሚገባው የሚቻለውን ሳይሆን የተገባውን እንደ ሆነ አሳሰበ።

ይህን ትምህርት ይዘን የሐራጅን ዋጋ ስንከፍለው ሦስት ነገር እናገኝበታለን። መጀመሪያው የሥራው ድካምና ወጪው ነው። ሁለተኛው የዕቃው እውነተኛ መልካምነትና ብርቅነት ነው። ሦስተኛው የተጫራቾች ፉክክር የሚያነድደው እሳት ነው። የመጀመሪያው ክፍል የሠራተኛ ነው፤ ያዕቆብ በመልእክቱ በ5ኛው ምዕራፍ እንደሚያስጠነቅቅ የተከለከለ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር ይጮኻልና። ሁለተኛውን ሻጭ በቀና ሊቀበለው ይችላል፤ ነገር ግን አፈሩንና ዝናሙን እርሱ አልፈጠረምና እንደ ስጦታ ይቀበለው። ሦስተኛውን በተመለከተ ግን እንዲህ እንላለን፤ ሳትሻው የመጣ እንደ ሆነ ልትቀበለው ትችላለህ፥ ልታነድደው ግን አይገባህም።

የሚያነድደው ማን ነው? ወዳጁን ሐሰተኛ ተጫራች አድርጎ ዋጋ እንዲጨምር የሚያቆም ሰው ነው። በቤቱ አሥር ደብቆ «የቀረው ይህ አንድ ብቻ ነው» የሚል ሰው ነው። ጉድለቱን በፎቶግራፍ ጥላ የሚሸፍን ሰው ነው። እነዚህ ሁሉ እጃቸው በገዢው ኪስ ውስጥ አልገባም፤ ነገር ግን በልቡ ውስጥ ገብቶ የራሱን ምኞት መስረቂያ አድርገውበታል።

4. ነገሩ በአሪቻ እንዴት ነው?

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በጌዴኦ፥ በይርጋ ጨፌ አገር ያለችው አሪቻ ስምዋ በቡና የታወቀ ነው። ገበሬው ቡናውን በእንሰትና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ያሳድጋል፤ ይህም የጌዴኦ የእርሻ ጥበብ በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የበሰለውን ቀይ እሸት እየመረጠ ይለቅማል፤ አንድ ኪሎ የተዘጋጀ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ያስፈልገዋል። በማድረቂያው አልጋ ላይም ሴቶች በፀሐይ ቆመው እያገላበጡ የተበላሸውን ፍሬ ይለቅማሉ። በባሕር ማዶ ያለው ሰው በከረጢቱ ላይ «አሪቻ» የሚለውን ስም ሲያነብ የሚገዛው ይህን ሁሉ ድካም ነው።

በ2012 ዓ.ም. ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የተባለው የቡና ውድድር በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተደርጎ፥ ቀማሾቹ የማን እንደ ሆነ ሳያውቁ ቡናውን እየቀመሱ ፈረዱ። አንደኛ የወጣው የሲዳማ ገበሬ ቡና በኢንተርኔት ሐራጅ አንዱ ኪሎ ከ400 የአሜሪካ ዶላር በላይ ተሸጠ። በዚህ ሐራጅ ተጫራቾች ናሙናውን ቀምሰው ያውቁታል፤ የገበሬውም ስም ይነገራል። ስለዚህ ሐራጅ በራሱ የሐሰት መሣሪያ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን፤ እንዲያውም የተሰወረውን የገበሬ ድካም ወደ ብርሃን ሊያወጣ ይችላል።

የፉክክር እሳትም ምን ያህል እንደሚነድድ ሌላ ምሳሌ እንመልከት። ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከጌሻ አገር ከ90 ዓመት ገደማ በፊት የተወሰደ የቡና ዘር በብዙ አገር ዞሮ ፓናማ ደረሰ። በ1996 ዓ.ም. በሐራጅ አንዱ ፓውንድ 21 ዶላር ባወጣ ጊዜ የቡና ነጋዴዎች ተደነቁ፤ ይህም በኪሎ 46 ዶላር ያህል ነው። በ2017 ዓ.ም. ግን ከዚያው ዘር 20 ኪሎ ለሐራጅ ቀርቦ እያንዳንዱ ኪሎ ከ30 ሺህ ዶላር በላይ ተሸጠ። አንባቢ ሆይ፥ የቡናው ጣዕም በ21 ዓመት ውስጥ ከ600 ጊዜ በላይ ጨመረን? አልጨመረም። የጨመረው የስምና የክብር ፉክክር ነው።

እንዲህ ያለ ወሬ በአሪቻ በተሰማ ጊዜ ሁለት ፈተና ይመጣል። የመጀመሪያው ከሌላ ስፍራ የመጣውን ቡና በአሪቻ ስም ማቅረብ ነው። ቀድሞ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከተመሠረተ በኋላ የጎረቤታሞች ቡና በደረጃ እየተደባለቀ ይሸጥ ስለ ነበረ የቀበሌው ስም ይጠፋ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ከወጣው አዋጅ ወዲህ ግን ቡና ከበቀለበት ስፍራ ስም ጋር ለመሸጥ በሩ ሰፍቷል። ስም ዋጋ ባገኘ መጠን ስምን መስረቅም ትርፍ ያመጣል። ይህም የሐሰት ሚዛን ነው፤ ሚዛኑ ኪሎውን አላጎደለም፥ እውነቱን ግን አጎደለ። የሚጎዳውም የባሕር ማዶ ገዢ ብቻ አይደለም፤ እሸቱን በትጋት የለቀመው የአሪቻ ገበሬ ስሙ ይረክስበታል።

ሁለተኛው ፈተና ያልተጠበቀውን ትርፍ ከገበሬው መሸሸግ ነው። በዚህ ስፍራ አንድ አቅራቢ ነጋዴ እንዲህ ይለን ይሆናል፤ «ገበሬው የእሸቱን ዋጋ በዕለቱ ተቀብሎ ሄዷል። የብድሩን ወለድ የከፈልሁ እኔ ነኝ፤ ዝናም ቢያበላሸው የምከስርም እኔ ነኝ። በከሰርሁ ጊዜ ገበሬው ከኪሣራዬ አይካፈልም፤ ባተረፍሁ ጊዜ ስለ ምን ይካፈላል?» ይህ ንግግር ከንቱ አይደለም። ነጋዴ ስለ ድካሙና ስለ ሥጋቱ ተገቢውን ትርፍ ሊያገኝ ይገባዋል፤ ይህንም በሕግ ማንም አይከለክለውም። ዳሩ ግን ኪሣራው ገበሬውን ፈጽሞ አይነካውም ማለት እውነት አይደለም፤ ነጋዴው በከሰረ በማግሥቱ ዓመት እሸቱን በርካሽ የሚሸጠው ገበሬው ነውና። ክርስቲያንም በሕግ የተፈቀደለትን ብቻ አይጠይቅም፤ ወንድሙን እንደ ራሱ ይወድድ ዘንድ ታዟል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዓመቱ ሲዘጋ ለአባሎቻቸው ትርፍ ማካፈላቸው ነገሩ የሚቻል እንደ ሆነ ያሳያል። ለብቻውም የሚነግድ ሰው በመልካም ዓመት ለገበሬውና በአልጋው ላይ ለቆሙት ሴቶች አንድ ነገር ቢጨምር፥ ምጽዋት ሰጠሁ አይበል፤ ስማቸውን ሸጧልና ከስማቸው ዋጋ ከፈላቸው እንጂ።

5. ገዢም ልኩን ይወቅ

ገዢ ከዚህ ነገር ነጻ አይደለም። በሐራጅ የተሸነፈ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያዝነው ዕቃውን ስላጣ ሳይሆን ሌላው ስላገኘው ነው። ስለዚህ ከመጫረትህ በፊት ልትሰጥ የምትችለውን ልክ በጸጥታ ወስነህ ጻፈው፤ ሌላው ቢያልፍህ ደስ ብሎህ ተወው። ብድር ተበድረህ፥ የቤትህንም ወጪ ነክተህ ለጌጥ ዕቃ አትጫረት። እንዲሁም ሻጩ ሳያውቅ የከበረ ነገር በርካሽ ያቀረበልህ እንደ ሆነ ሽማግሌው አውግስጢኖስ የተናገረለትን ሰው አስብ፤ ያ ሰው መጽሐፍ ሊገዛ ሄዶ ሻጩ ዋጋውን እንዳላወቀ በተረዳ ጊዜ፥ ያልተጠየቀውን እውነተኛ ዋጋ ከፈለው። በገጠር ያለች ባልቴት የአባትዋን ጠገራ ብር ወይም አሮጌ የብራና መጽሐፍ ይዛ ወደ አንተ ብትመጣ፥ አለማወቅዋ ለአንተ የተሰጠ ርስት አይደለም። ብራናውም ከቤተ ክርስቲያን የወጣ እንደ ሆነ ዋጋ አትንገራት፤ ወደ ባለቤቱ እንዲመለስ ምከራት እንጂ።

6. ማጠቃለያ

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ ስለ ዋጋ በተጠራጠርን ጊዜ ሦስት ጥያቄ ለራሳችን እናቅርብ። ስለ ዕቃው የማውቀውን ሁሉ ገዢው ቢያውቅ ኖሮ ይህን ዋጋ ይሰጥ ነበርን? የሠራበት ሰው ይህን ዋጋ ቢሰማ ፊቱን ማየት እችላለሁን? እኔስ በገዢው ስፍራ ብሆን እንዲህ ሊደረግብኝ እወድዳለሁን? ለእነዚህ ጥያቄዎች በንጹሕ ልብ «አዎን» ማለት የቻለ ሰው ዋጋው ጥቂት ቢሆን አይፈር፤ ብዙም ቢሆን አይፍራ። ያልቻለ ግን ሐራጁ ሳይዘጋ እውነቱን ይናገር፤ ገንዘቡንም ተቀብሎ እንደ ሆነ ይመልስ። ዘኬዎስ አራት እጥፍ በመለሰ ጊዜ አልደኸየም፤ በዚያን ቀን መዳን ለቤቱ ሆኖለታልና።

የሁሉ ባለቤት የሆነ እግዚአብሔር በገበያም በስልክም፥ በሚታይም በማይታይም ንግድ እውነትን እንድንይዝ ይርዳን። አሜን።