ላልተፈወሰው ማን ይናገር?

ለመሆኑ በሐዋርያት ዘመን የነበረው የፈውስ ጸጋ ዛሬም አለ ወይስ አልቋል? ይህ ጥያቄ በመኝታ ክፍልም ሆነ በሻይ ቤት በተነሣ ቁጥር ሁለት ጎራ ይቆማል። አንደኛው «እግዚአብሔር አላረጀ፤ ጸጋውስ ለምን ያልቃል?» ይላል። ሌላው «ተአምር ወንጌልን ለመትከል የተሰጠ ነበር፤ ሥራውን ፈጽሞ ቆመ» ብሎ ይመልሳል።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። የሂፖው ጳጳስ ቅዱስ አውግስጢኖስ በ390 እ.ኤ.አ. ግድም በጻፈው መጽሐፍ፣ እንደ ሐዋርያት ዘመን ያሉ ተአምራት እስከ እርሱ ጊዜ እንዲዘልቁ አልተፈቀደም ብሎ ነበር። ሲያረጅ ግን «የእግዚአብሔር ከተማ» በተባለው ሥራው በ22ኛው መጽሐፍ በዘመኑ የሆኑ ፈውሶችን እየቆጠረ ጻፈ። የተፈወሱት ታሪካቸው በጽሑፍ ተይዞ በጉባኤ ፊት እንዲነበብም አደረገ። በሂፖ ብቻ ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ 70 የሚጠጋ ጽሑፍ ተሰበሰበ። በእኛ ዘመን አቅራቢያም እንዲሁ ነው፤ በ1906 እ.ኤ.አ. በሎስ አንጀለስ አዙሳ ጎዳና የተነሣው የጴንጤቆስጤ እንቅስቃሴ ጸጋው አለ ሲል፣ የፕሪንስተኑ መምህር ቤንጃሚን ዋርፊልድ በ1918 ባሳተመው መጽሐፍ ከሐዋርያት ጋር አብቅቷል ብሎ ተሟገተ።

እኛ በሁለቱ መካከል ዳኛ ልንሆን አንሻም። እስቲ ጸጋው አለ እንበል። ከዚያስ? ከመቶ ሕሙማን አንዱ ተነሥቶ ቢመሰክር እልል እንላለን። እንደ ታመሙ ወደ ቤታቸው ለሚመለሱት ለዘጠና ዘጠኙስ ምን እንላቸዋለን? ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ አጭር ነው፤ «እምነትህ ጎደለ!» እንግዲህ ሰውዬው መታመሙ ሳያንሰው ጥፋተኛም ሆነ ማለት ነው።

ይህ መልስ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር እንኳ አይስማማም። ጳውሎስ ስንቱን የፈወሰ ሐዋርያ ሳለ የራሱ የሥጋ መውጊያ ሦስት ጊዜ ለምኖ አልተነሣለትም። ባልንጀራው ጥሮፊሞስ ታሞበት ሚሊጢን ላይ ትቶት ሊሄድ ግድ ሆነ። ጢሞቴዎስንም ለሆዱ ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መከረው እንጂ አላማኝ አላለውም። አብሮት የነበረው ሉቃስስ ሐኪም አልነበረም እንዴ?

ምርመራም ክህደት አይደለም። ጌታ ለምጻሞቹን ካህን ዘንድ ሄደው እንዲታዩ ልኳቸዋል። በፈረንሳይ አገር በሉርድ ከ1883 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተፈወስኩ የሚለውን ሁሉ ሐኪሞች ይመረምሩታል። ከ1858 ወዲህ ስፍር ቁጥር የሌለው ሕመምተኛ ወደዚያ ቢጎርፍም ቤተ ክርስቲያን በይፋ ተአምር ብላ የተቀበለችው 80 አይሞላም። ይህ ጥንቃቄ ምእመኑን ከሉርድ አላስቀረውም።

ወደ አገራችን እንምጣ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ ሲታደል፣ መድኃኒት ይዞ ጠበል መግባት አለማመን ነው ተብለው ክኒናቸውን የተዉ ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ፣ ሁለቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚገባ በአደባባይ ተናገሩ። በዚህ ቃል ጠበሉ አልተናቀም፤ ሕመምተኛው ግን ከሁለት አንዱን ምረጥ ከመባል ዳነ።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። «መድኃኒትህን ጣል» የሚል ሰው በመያዣ የሚያስይዘው የራሱን ሳይሆን የሌላውን ነፍስ ነው። ቢሳካ ክብሩ ለእርሱ፣ ባይሳካ ጥፋቱ በሟቹ! እንዲህ ያለ ውል በገበያ እንኳ ቢዋዋሉት ማጭበርበር ይባላል፤ በመቅደስ ሲሆን ስሙ ለምን ይለወጣል?

ስለዚህ ጸጋ አለኝ የሚለውን ሰው «ስንቱን ፈወስክ?» ብለን ብቻ አንለፈው። «ያልዳነውን ምን አልከው? አብረኸውስ ተቀመጥክ?» ብለን እንጠይቀው። የሚያጽናና፣ ወደ ሐኪም የሚሸኝ፣ ሲመረመር የማይቆጣ ከሆነ ብናከብረው አንጎዳም። በሕመምተኛው ላይ የሚጮኽ ከሆነ ግን፣ ጸጋ ኖረም አልኖረ፣ እርሱ ዘንድ የለም እንላለን።